የሒሳብ ምልክቶችን ለማስገባት የትኛው አቋራጭ ይመረጣል? የወርድ፣ የሊብሬኦፊስና የጉግል ዶክስ መንገዶች ሲነጻጸሩ

የሒሳብ ፈተና፣ መልመጃ ወይም የማስተማሪያ ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚያዘጋጅ ሰው ምልክት አጣሁ ብሎ አይቸገርም። ≤ም ሆነ √ ወርድ ውስጥ «ኢንሰርት» በሚለው ክፍል፣ «ሲምቦል» በሚለው ሥር ተደርድረው ይገኛሉ። የሚያሰለቸው መደጋገሙ ነው፤ በአንድ ገጽ ሃያ ጊዜ የሚመጣን ምልክት ሃያ ጊዜ በማውዝ እየፈለጉ ማስገባት ሥራን ያጓትታል። ብዙ ጸሐፊዎች ሲታክታቸው የማባዛት ምልክትን በላቲኑ ፊደል ኤክስ፣ የመቀነስ ምልክትን በአጭር ሰረዝ፣ ≤ን ደግሞ «<» እና «=»ን አጠገብ ለአጠገብ በመጻፍ ይተኩታል። እንዲህ በተጻፈ ፈተና ላይ ተማሪው ኤክስ ያልታወቀው ቁጥር ይሁን ወይስ «ሲባዛ» ማለት ይሁን በግምት ይፈታል።

መፍትሔው አቋራጭ ማበጀት መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው የትኛው አቋራጭ የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ወርድ ብቻውን ቢያንስ አምስት የተለያዩ መንገዶች አሉት፣ ሌሎቹም ፕሮግራሞች የየራሳቸውን ያክላሉ። አንዱ ጋ የተመሰገነው መንገድ ሌላው ጋ የማይሠራበት ምክንያት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፕሮግራሙ ሳይሆን ከጸሐፊው ኪቦርድና ከሚጽፍበት ቋንቋ ይመነጫል።

መመዘኛዎቹ

ለአማርኛ ጸሐፊ ቀዳሚው መመዘኛ፣ አቋራጩ የአማርኛው ኪቦርድ እንደበራ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መመሪያዎች ይህን ጥያቄ አያነሡትም፤ አንባቢያቸው ሁልጊዜ በላቲን ፊደል እንደሚጽፍ ታሳቢ ያደርጋሉና። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለምሳሌ በወርድ የቀመር ሣጥን ውስጥ ≤ን ለማምጣት ወደ ኋላ ያዘነበለውን ዘንግ «\» አስቀድሞ ኤል እና ኢ የተባሉትን ፊደላት፣ ከዚያም ስፔስን መምታት ይበቃል። በድምፅ የሚሠራ የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ እያለ ግን ከእነዚሁ ቁልፎች የሚወጣው «\ለ» ነው፤ የፓይን ትእዛዝ የጻፈም «\ፒ»ን ያገኛል። ለእያንዳንዱ ምልክት ኪቦርድ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሮ መመለስ ካስፈለገ አቋራጩ ስሙ እንጂ ጥቅሙ የለም።

ሁለተኛው መመዘኛ የኪቦርዱ አካል ነው፦ በስተቀኝ በኩል ለብቻው የተደረደረ የቁጥር ክፍል አለው ወይስ እንደ ብዙዎቹ ላፕቶፖች የለውም? ሦስተኛው፣ ያበጁት አቋራጭ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄዱ ይከተልዎታል ወይ የሚለው ነው። በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ጀምሮ በቤቱ ላፕቶፕ ለሚጨርስ መምህር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አራተኛው ምን ያህል ማስታወስ እንደሚጠይቅ፣ አምስተኛው ደግሞ ወጪውና ፕሮግራም ለመጫን ፈቃድ ማስፈለጉ ነው።

ወደ አማራጮቹ ከመግባትዎ በፊት የሚያዘወትሯቸውን ምልክቶች በወረቀት ላይ ይዘርዝሩ። በእኔ ግምት የአንድ ክፍል ፈተና የሚያወጣ መምህር ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ ምልክቶች ይበቁታል። ለእነዚህ ብቻ ተብሎ መቶ ኮድ መሸምደድ ወይም አዲስ ፕሮግራም መጫን ትርፉ ድካም ነው።

በወርድ ውስጥ ቁልፍ መመደብ

ከ«ሲምቦል» መስኮት ውስጥ ምልክቱን መርጦ «ሾርትከት ኪ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ አዲስ መስኮት ይከፈታል፤ የፈለጉትን የቁልፎች ጥምር ይመታሉ፣ «አሳይን» ይላሉ፣ ያበቃል። ጥምሩን እንደመቱ ከሥሩ ቀድሞ ለምን እንደተመደበ ስለሚጻፍ ያን መስመር ሳያነቡ ማጽደቅ አይገባም። ለምሳሌ ኮንትሮልና ኦልት ከ1፣ ከ2 ወይም ከ3 ጋር ሲመቱ የርዕስ ደረጃዎችን የሚያመጡ ናቸው፤ እነሱን ለምልክት የወሰደ ሰው በኋላ ርዕስ ሲያወጣ ግራ ይጋባል።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር፣ ወርድ ሁለት እርምጃ ያለው አቋራጭ መቀበሉ ነው። ያልተያዘ አንድ ጥምር መርጠው ከዚያ ቀጥሎ 1ን ለ≤፣ 2ን ለ≥፣ 3ን ለ≠ እያሉ ቢመድቡ፣ አንድ መክፈቻ ብቻ በማስታወስ ዘጠኝ ምልክቶችን ያገኛሉ። ሁለተኛው እርምጃ ቁጥር በመሆኑም የአማርኛው ኪቦርድ እንቅፋት አይሆንበትም። አንዳንድ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች ኮንትሮልና ኦልትን ለራሳቸው ስለሚጠቀሙበት ግን፣ የመረጡት መክፈቻ አማርኛው በርቶ ሳለ የሚሠራ መሆኑን ሁሉንም ከመመደብዎ በፊት በአንዱ ይሞክሩ።

ድክመቱ ተንቀሳቃሽ አለመሆኑ ነው። የተመደበው ቁልፍ የሚቀመጠው በዚያው ኮምፒውተር ላይ በሚገኘው «ኖርማል» በተባለው የወርድ ቅጽ ውስጥ ነው። በመመደቢያው መስኮት ግርጌ ለውጡ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅ ዝርዝር አለ፤ የፈተናዎን ቅጽ በቴምፕሌትነት አዘጋጅተው እዚያው ላይ ካስቀመጡት በፍላሽ ይዘውት መሄድ ይችላሉ። በድረ ገጽ ላይ የሚሠራው ወርድ ይህን ምደባ አያውቀውም።

ኦቶኮሬክት፦ ጽፈው ስፔስ ሲመቱ የሚተካ

ይህኛው መንገድ ከሁሉም ይልቅ ለአማርኛ ጸሐፊ ይመቻል የምለው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ኦቶኮሬክት የተሳሳተ ፊደልን ለማረም የተሠራ ቢሆንም፣ የሚያደርገው ነገር አንድን የፊደላት ተከታታይ በሌላ መተካት ብቻ ነው። በመሆኑም «//ሥር» ሲባል √፣ «//ፓይ» ሲባል π፣ «//ድምር» ሲባል ∑፣ «//አባል» ሲባል ∈ እንዲተካ ማድረግ ይቻላል። ኪቦርድ መቀየር የለም፣ ኮድ መሸምደድ የለም፤ ቃሉን በአማርኛ ጽፈው ስፔስ ሲመቱ ምልክቱ ይመጣል። ሁለቱን ዘንጎች ያስቀደምኩት ሥር ወይም ድምር የሚሉት ቃላት በተራ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲመጡ ሳይፈለግ እንዳይተኩ ነው። ምልክቱ ባልተፈለገ ቦታ ከተተካም ወዲያው ኮንትሮልና ዜድን መምታት የጻፉትን ይመልሳል።

ምዝገባው እንዲህ ነው። በ«ሲምቦል» መስኮት ምልክቱን መርጠው «ኦቶኮሬክት» የሚለውን ይጫኑ፤ ምልክቱ በቀኙ ሣጥን ገብቶ ይጠብቃል፣ እርስዎ በግራው ሣጥን መጥሪያውን ጽፈው «አድ» ይላሉ። እዚህ ላይ የሚሰናከሉት ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ወርድ የመተኪያ ዝርዝሩን በየቋንቋው ለያይቶ ያስቀምጣል። በእንግሊዝኛ ዝርዝር የተመዘገበ መጥሪያ አማርኛ ሲጽፉ ላይሠራ ይችላል። የትኛው ዝርዝር ላይ እንዳሉ ለማወቅ የመስኮቱን አናት ይመልከቱ፤ ከ«ኦቶኮሬክት» ቀጥሎ የቋንቋው ስም ተጽፏል። አማርኛ እንዲል ከፈለጉ ጠቋሚውን የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ አድርገው፣ የአማርኛውን ኪቦርድ አብርተው ይክፈቱት። አንዳንድ የግዕዝ መጻፊያዎች ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ ተደርበው ስለሚሠሩ ወርድ ጽሑፉን በእንግሊዝኛነት ሊቆጥረው ይችላል፤ ያኔ መጥሪያው መመዝገብ ያለበት እንግሊዝኛ በሚለው ዝርዝር ላይ ነው።

ሌላው ጥንቃቄ ስለ ፎንቱ ነው። በ«ሲምቦል» መስኮት ከላይ የፎንት ስም ይጠየቃል። «ሲምቦል» ወይም «ዊንግዲንግስ» የተባሉትን ፎንቶች ከመረጡ የሚገባው ትክክለኛው የዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ምልክት ሳይሆን በፎንቱ መልክ የተደበቀ ሌላ ኮድ ነው። ወርድ ከነባሪው «==>»ን በቀስት ሲተካ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያ ቀስት ወደ ኢሜይል ሲገለበጥ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን ፊደል ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። «ኖርማል ቴክስት» የሚለውን መርጠው «ማቴማቲካል ኦፐሬተርስ» ከሚለው ክፍል ያውጡ። ዩኒኮድ ለዚህ ክፍል ከ2200 ጀምሮ 256 ቦታዎች መድቧል፤ ለትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስፈልገው አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው።

በኮድ መጥራት፦ ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው፣ የምልክቱን የዩኒኮድ ቁጥር ጽፎ ኦልትንና ኤክስን በአንድነት መምታት ነው። 2264 ብለው ጽፈው ቁልፎቹን ሲመቱ ቁጥሩ ጠፍቶ ≤ ይተካል፤ ደግመው ሲመቱት ወደ ቁጥሩ ይመለሳል። ይህ ማንነቱ ያልታወቀ ምልክት ከሌላ ሰው ሰነድ ሲመጣ ኮዱን ለማወቅም ይጠቅማል። የሚሠራው በዊንዶውስ ወርድ እና በሊብሬኦፊስ ራይተር ነው፤ የማክ ወርድ ይህ አቋራጭ የለውም። ከኮዱ በፊት ሌላ ቁጥር ተጠግቶ ካለ ፕሮግራሙ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነባቸዋልና፣ ክፍት ቦታ ይተዉ ወይም ኮዱን ብቻ መርጠው ይምቱ።

ሁለተኛው፣ ኦልትን እንደያዙ በቀኙ የቁጥር ክፍል ላይ የአሥርዮሽ ኮዱን፣ ማለትም ከ0 እስከ 9 ባሉት ቁጥሮች ብቻ የሚጻፈውን፣ መምታት ነው። ከፊደላቱ በላይ ያሉት ቁጥሮች ለዚህ አያገለግሉም፤ «ነም ሎክ»ም መብራት አለበት። በየጽሕፈት አገልግሎቱ ከሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በወረቀት ተጽፎ የሚለጠፈው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ የዚህ መንገድ ነው።

ሁለቱ መንገዶች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ነጥብ አለ። አንዳንዱ የዩኒኮድ ቁጥር በውስጡ የላቲን ፊደል አለበት፤ እሱን አማርኛ በርቶ እያለ መጻፍ አይቻልም። የአሥርዮሹ ኮድ ግን ከቁጥር በቀር ምንም የለበትም፣ ቁጥሮች ደግሞ በተለመዱት የአማርኛ ኪቦርዶች እንዳሉ ይጻፋሉ። ከታች በሁለተኛው ዓምድ በግዕዝ የተጻፉት የላቲን ፊደላቱ ስሞች ናቸው።

| ምልክት | ከኦልትና ኤክስ በፊት የሚጻፍ | ኦልት ተይዞ በቁጥር ክፍሉ የሚመታ |
|---|---|---|
| ≤ | 2264 | 8804 |
| ≥ | 2265 | 8805 |
| ≠ | 2260 | 8800 |
| ∈ | 2208 | 8712 |
| ∩ | 2229 | 8745 |
| − | 2212 | 8722 |
| ∪ | 222 ኤ | 8746 |
| √ | 221 ኤ | 8730 |
| ∞ | 221 ኢ | 8734 |
| π | 03 ሲ 0 | 960 |
| ± | 00 ቢ 1 | 0177 |
| × | 00 ዲ 7 | 0215 |
| ÷ | 00 ኤፍ 7 | 0247 |

ላፕቶፕ የያዘ ሰው የላይኞቹን ስድስት በመጀመሪያው መንገድ ያለ ችግር ያወጣቸዋል፤ ለቀሪዎቹ ኦቶኮሬክትን ቢጠቀም ይሻላል። ከ255 በላይ የሆኑት የአሥርዮሽ ኮዶች በወርድ ቢሠሩም በሁሉም ፕሮግራም ይሠራሉ ማለት አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሦስት ግን በዊንዶውስ ላይ በሰፊው ያገለግላሉ፣ መነሻቸው ላይ ያለችው ዜሮ እስካልተዘለለች ድረስ፤ 177 ብቻ የመታ ሰው በ± ፈንታ ▒ ሊያገኝ ይችላል።

የቀመር ሣጥን

ኦልትንና የእኩል ይሆናል ምልክትን በአንድነት ሲመቱ ወርድ የቀመር ሣጥን ይከፍታል። ከወርድ 2007 ጀምሮ ያለው ይህ ሣጥን የራሱ የሆነ የሒሳብ ኦቶኮሬክት አለው፤ ትእዛዞቹ በ«\» የሚጀምሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። በምርጫዎች ውስጥ ካለው የኦቶኮሬክት መስኮት እነዚህ ትእዛዞች ከሣጥኑ ውጭ፣ በተራው ጽሑፍ ላይም እንዲሠሩ መፍቀድ ይቻላል። በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም፤ ዝርዝሩ ተሞልቶ የመጣ ስለሆነ አንድም ነገር መመዝገብ አያስፈልገውም።

ክፍልፋይን ከላይና ከታች ለመጻፍ፣ የሥር ምልክትን በረጅም ቀመር ላይ ለመዘርጋት ወይም ለ∫ ወሰን ለመስጠት ሣጥኑ ግድ ነው፤ ነጠላ ምልክት የሚያስገቡ አቋራጮች ይህን አይሠሩም። ለአንዲት ≤ ብሎ ሣጥን መክፈት ግን ከመጠን ያለፈ ነው። የሣጥኑ ፎንት «ካምብሪያ ማዝ» የግዕዝ ፊደል ስለሌለው የአማርኛ ቃል በውስጡ ሲገባ ከሌላ ፎንት ይሳባል፤ ቃሉን ውጭ አስቀርቶ ቀመሩን ብቻ ማስገባት የተሻለ መልክ ይሰጣል። ሰነዱ በድሮው የ97–2003 ዓይነት ከተቀመጠ ደግሞ ቀመሮቹ ወደ ምስል ተለውጠው መታረም አይችሉም፤ ፋይል ለጽሕፈት አገልግሎት ሰጥቶ የሚቀበል ሰው ይህን አስቀድሞ ይንገር።

ከወርድ ውጭ

ሊብሬኦፊስ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ጠቃሚ መንገዶች፣ ማለትም ኦቶኮሬክትና ኦልት ከኤክስ ጋር፣ አሉት። የመተኪያ ዝርዝሩ እዚህም በቋንቋ የተከፋፈለ ነው፤ ልዩነቱ ለሁሉም ቋንቋ የሚያገለግል የጋራ ዝርዝር መኖሩ ነው። ለአማርኛና ለእንግሊዝኛ ቅልቅል ጽሑፍ ይህ ከወርድም ይበልጣል። ምልክትን በቀጥታ ለቁልፍ መመደብ ግን ማክሮ (ፕሮግራሙ በራሱ እንዲፈጽመው የሚጻፍ አጭር ትእዛዝ) ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አልመክረውም።

ጉግል ዶክስ በ«ቱልስ» ሥር «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ የመተኪያ ሠንጠረዥ አለው። ዋናው ብልጫው መተኪያዎቹ ከአካውንትዎ ጋር የተያያዙ መሆናቸው ነው፤ በየትኛውም ኮምፒውተር ቢገቡ ያገኟቸዋል። ያለ ኢንተርኔት ለመሥራት ቅድመ ዝግጅት ስለሚፈልግ፣ መስመር በሚቆራረጥበት አካባቢ በእሱ ላይ ብቻ መደገፍ አያስተማምንም።

የማክ ባለቤቶች ዕድለኞች ናቸው። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ኪቦርድ ኦፕሽን ከኮማ ጋር ≤ን፣ ከነጥብ ጋር ≥ን፣ ከእኩል ይሆናል ምልክት ጋር ≠ን፣ ከ5 ጋር ∞ን ያወጣል። ወደ አማርኛ ኪቦርድ ሲቀየር ግን ኦፕሽን የሚያወጣው ይለወጣል፤ ለዚያ በሲስተሙ የኪቦርድ ቅንብር ውስጥ ያለውን የጽሑፍ መተኪያ መጠቀም ይቻላል።

ኦቶሆትኪ የተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም በሁሉም ፕሮግራሞች ውስጥ የሚሠራ አቋራጭ ያበጃል። ነፃ ነው፣ ጉልበቱም ከሁሉም ይበልጣል፤ አጭር የትእዛዝ ፋይል መጻፍ ስለሚጠይቅና በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ለመጫን ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | አማርኛ ኪቦርድ በርቶ | የቁጥር ክፍል በሌለው ላፕቶፕ | ወደ ሌላ ኮምፒውተር | የማስታወስ ሸክም | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| በወርድ ቁልፍ መመደብ | ይሠራል፣ ቢሞከር ይሻላል | ይሠራል | በቴምፕሌት ካልሆነ አይከተልም | መካከለኛ | የወርድ ፈቃድ |
| ኦቶኮሬክት በወርድ | በትክክለኛው ዝርዝር ከተመዘገበ ይሠራል | ይሠራል | አይከተልም | ትንሽ | የወርድ ፈቃድ |
| ኦልትና ኤክስ | ቁጥር ብቻ ላላቸው ኮዶች | ይሠራል | መመዝገብ አይፈልግም | ብዙ | በሊብሬኦፊስ ነፃ |
| ኦልትና የቁጥር ክፍል | ይሠራል | አይሠራም | መመዝገብ አይፈልግም | ብዙ | የለም |
| የሒሳብ ኦቶኮሬክት | ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ግድ ነው | ይሠራል | ነባሪው ዝርዝር በየወርዱ አለ | መካከለኛ | የወርድ ፈቃድ |
| የሊብሬኦፊስ መተኪያ | ይሠራል | ይሠራል | አይከተልም | ትንሽ | ነፃ |
| የጉግል ዶክስ መተኪያ | ይሠራል | ይሠራል | ይከተላል | ትንሽ | ኢንተርኔት |

ለማን የትኛው?

በአማርኛ የሚያስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህር በኦቶኮሬክት የአማርኛ መጥሪያዎችን ያበጅ፤ ለክፍልፋይ ብቻ የቀመር ሣጥን ይክፈት። ወርድ የመግዛት አቅም ከሌለው ሊብሬኦፊስ በዚህ ረገድ የሚያጎድልበት ነገር የለም።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሁለተኛ ደረጃ መምህርና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የኪቦርድ መቀያየር ችግር የለባቸውም። እነሱ የሒሳብ ኦቶኮሬክትን ከሣጥኑ ውጭም እንዲሠራ ፈቅደው በእሱ ይጻፉ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ እነዚህን ትእዛዞች መልመዱ በኋላ ወደ ላቴክ፣ ማለትም ሒሳብ ያለበት ጽሑፍ በትእዛዝ ወደሚዘጋጅበት ፕሮግራም፣ ቢዛወር አይባክንበትም፤ አብዛኞቹ ስሞች እዚያም ያው ናቸው።

በጽሕፈት አገልግሎት የሚሠራ ሰው የደንበኛውን ጽሑፍ በራሱ ኮምፒውተር ስለሚጽፍ መንቀሳቀስ አያሳስበውም፤ ፍጥነት ነው የሚፈልገው። ለእሱ ሁለት እርምጃ ያለው የቁልፍ ምደባ ከሁሉም ይፈጥናል፤ አልፎ አልፎ ለሚመጣ ምልክት ደግሞ የቁጥር ክፍሉ አለለት። በተለያዩ ኮምፒውተሮች የሚዞር ሰው፣ ኢንተርኔት ካለው ጉግል ዶክስን፣ ከሌለው በፍላሽ የተያዘ ቴምፕሌትን ይምረጥ።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ የመጀመሪያውን ሰነድ ከማባዛትዎ በፊት በፒዲኤፍ አስቀምጠው በስልክዎ ይክፈቱት። ከምልክቶቹ አንዱ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየ ጥፋቱ ከአቋራጩ ሳይሆን ከፎንቱ ነው፤ ያን ምልክት አጥፍተው ከ«ኖርማል ቴክስት» ሥር እንደገና ያስገቡት፣ በኦቶኮሬክት የተመዘገበውንም በአዲሱ ይተኩት። የመስመሮቹ ርቀት ምልክት ባለበት ቦታ ብቻ ሰፍቶ ከታየ ደግሞ በአንቀጽ ቅንብር ውስጥ የመስመር ርቀቱን «ኤግዛክትሊ» በሚለው ይወስኑት፤ ክፍልፋይ ያለባቸውን አንቀጾች ግን አይንኩ፣ አናታቸው ይቆረጣልና።